የሚስማማ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍለጋ

በአእምሮ ሕመም ወይም ዕለት ተዕለት ኑሮን በሚያውክ ጭንቀት ምክንያት ወደ ባለሙያ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቤቱ የሚነሣው ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው፤ ቤተ ዘመድ መክሮታል፣ ጠበል ተጠምቋል ወይም ዱዓ ተደርጎለታል፣ ለራስ ምታቱና ለልብ ምቱ በየክሊኒኩ ተመርምሮ «ምንም የለብህም» ተብሎ ተመልሷል። እንዲህ ደክሞና ገንዘቡን ጨርሶ የመጣ ሰው የመጀመሪያው ባለሙያ ካልተስማማው ሌላ የመፈለግ አቅም አይኖረውም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ያቋርጥና ሕክምናው እንደማይሠራ ደምድሞ ይቀራል። ይህ ድምዳሜ በአብዛኛው የተሳሳተ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሕመሙና የባለሙያው ሙያ መጣጣማቸው፣ ወይም ታካሚው ያልተመቸውን ነገር በግልጽ የሚናገርበት ዕድል ነው። ስለዚህ ባለሙያ መምረጥ በር ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀጠሮዎች ውስጥ የሚቀጥል ሥራ መሆኑን ከወዲሁ መረዳት ይገባል።

በዘርፉ የሚሠሩት ባለሙያዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ ሕዝቡ ግን ሁሉንም በአንድነት «የአእምሮ ሐኪም» እያለ ስለሚጠራቸው ማን ምን እንደሚሠራ አይለይም። ሳይካትሪስት የሚባለው በቅድሚያ ሕክምና ተምሮ ሐኪም የሆነ፣ ከዚያም በአእምሮ ሕመም ላይ ስፔሻላይዝ ያደረገ ባለሙያ ሲሆን፣ ሕመሙን ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ሆስፒታል ያስተኛል። ሳይኮሎጂስት ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚባለው ደግሞ የሰውን ሐሳብ፣ ስሜትና ጠባይ ያጠና ነው፤ በተለይ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የተማረው በንግግር የሚሰጠውን ሕክምና፣ ማለትም ሳይኮቴራፒን ዋና ሥራው ያደርጋል፤ መድኃኒት ግን አያዝም። ከእነዚህ ሌላ የሳይካትሪ ነርሶች፣ በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ የተመረቁ ባለሙያዎችና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች አሉ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕሙማንን በየዕለቱ የሚመረምሩትና የሚከታተሉት እነዚህ ናቸው፤ «ዶክተር አይደለም» ተብሎ እነሱን ማለፍ በአቅራቢያ ያለን ጥሩ አገልግሎት ማጣት ይሆናል።

የባለሙያው ቁጥር ማነሱ የራሱ ታሪክ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርትም እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ በአገር ውስጥ አይሰጥም ነበር። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሥልጠናውን ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ የሚማሩት ውጭ አገር ሄደው ነበር። በቡታጅራ አካባቢ ለዓመታት የተካሄዱት ሰፊ ጥናቶችም በከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዙት አብዛኞቹ የገጠር ነዋሪዎች ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው፣ የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞች በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲታከሙ የሚያሠለጥነው መርሐ ግብር በኢትዮጵያም ሥራ ላይ በመዋሉ፣ ዛሬ በአነስተኛ ከተማ የሚኖር ሰው የመጀመሪያውን ምርመራ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላል።

ወደ ማን መሄድ እንደሚገባ የሚወስነው የችግሩ ዓይነትና ክብደት ነው። ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ሰዎች ሊገድሉኝ ይከታተሉኛል ብሎ ያለ ማስረጃ የሚያምን፣ ለቀናት ሳይተኛ ኃይሉ የማይደክም፣ ንግግሩ የሚፈጥንና ገንዘቡን የሚበትን፣ ወይም ምግብና ውኃ ትቶ አልጋ ላይ የቀረ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ሳይካትሪስት ነው፤ በእነዚህ ሁኔታዎች ንግግር ብቻውን አይበቃም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት፣ በተለይም ዘዴውንና ጊዜውን ያሰበ ሰው ደግሞ ቀጠሮ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሊወሰድ፣ እስኪደርስም ብቻውን ሊተው አይገባም። በአንጻሩ ከሐዘን፣ ከትዳር መፍረስ፣ ከሥራ ማጣት ወይም ከልጅነት ጉዳት ጋር የተያያዘ ድባቴ፣ እንዲሁም ሥራ የማያስኬድ ፍርሃትና ጭንቀት ያለበት ሰው ከሥነ ልቦና ባለሙያ ሊጀምር ይችላል። ድባቴው ከከበደ መድኃኒቱና የንግግር ሕክምናው በአንድነት ቢሰጡ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ከሚሰጠው ይልቅ የተሻለ ውጤት ያስገኛሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባትና የደም ማነስ የድባቴና የጭንቀት መልክ ይዘው ሊመጡ ስለሚችሉ፣ የአካል ምርመራ ያልተደረገለት ሰው ይህንን ቀድሞ ማድረጉ ይጠቅመዋል።

በከተሞች «የምክር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ሁሉ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም ስለ ሕይወት ደስ የሚል ንግግር የሚያደርግ ሁሉ ሕክምና ይሰጣል ማለት አይደለም። አነቃቂ ንግግር የሚያሰማ ሰው ለጤነኛ ሰው ብርታት ሊሰጥ ይችላል፤ በድባቴ የተያዘውን ግን «መንፈሰ ጠንካራ ሁን» በማለት ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ አሳምኖት ይመለሳል። ስለሆነም ባለሙያው የት እንደተማረ፣ የሙያ ፈቃድ እንዳለውና ተቋሙ በጤና ተቆጣጣሪው አካል የተመዘገበ መሆኑን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ፈቃዱ በአብዛኛው በተቋሙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ይህ ሲባል ግን ማዕረግ ብቻውን ፈዋሽ ነው ማለት አይደለም። በዚምባብዌ አጭር ሥልጠና የወሰዱ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰጡት የንግግር ሕክምና የድባቴን ምልክቶች በጉልህ እንደቀነሰ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አረጋግጧል፤ ነገር ግን እነዚያ አያቶች በግልጽ የተጻፈ ዘዴ ይከተሉ፣ ባለሙያዎችም በቅርብ ይቆጣጠሯቸው ነበር። መታየት ያለበት ሥልጠና፣ ዘዴና ተቆጣጣሪ መኖራቸው ነው።

ዘዴ ሲባል ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እያለች ድንገት ልቧ በኃይል የመታ፣ ትንፋሽ ያጠራትና የምትሞት የመሰላት ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ታክሲ መሳፈር ትታ በእግሯ መሄድ ልትጀምር፣ ቀስ በቀስም ከሰፈሯ መውጣት ልታቆም ትችላለች። የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና በሚባለው፣ አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መሠረቱን በጣለው ዘዴ የሠለጠነ ባለሙያ «አይዞሽ፣ አትፍሪ» ብሎ አይሸኛትም። የልብ ምቱ የልብ ሕመም ሳይሆን የፍርሃት ውጤት መሆኑን፣ ካልሸሹትም በራሱ እንደሚረግብ ካስረዳት በኋላ፣ ከእሷ ጋር ሆኖ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄድ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ፌርማታ ላይ ቆማ ታክሲ ሲሞላ ማየት፣ ቀጥሎ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ አንድ ፌርማታ ብቻ ሄዳ መውረድ፣ ከዚያ ከኋላ ወንበር በሰው መሐል ተጨንቃ መቀመጥ፣ በመጨረሻም ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ብቻዋን መጓዝ። በእያንዳንዱ ጉዞ ፍርሃቷ ከአሥር ስንት እንደደረሰና ለምን ያህል ደቂቃ እንደቆየ ትጽፋለች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱ ማስታወሻውን አብረው ያያሉ። እጁን ደጋግሞ ካልታጠበ ወይም በሩን አሥር ጊዜ ካላረጋገጠ ዕረፍት የማያገኝ ሰው የሚታከምበት፣ አሰቃቂ ነገር አይቶ በቅዠት የሚሠቃይ ሰውም የሚረዳበት ለየራሱ የተለየ አካሄድ አለ። ሐዘንን፣ ጠብንና የኑሮ ለውጥን መሠረት አድርጎ ድባቴን የሚያክመው የሰው ለሰው ግንኙነት ሕክምና ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካዊቷ አገር በኡጋንዳ መንደሮች ውስጥ በቡድን ተሰጥቶ ውጤታማ መሆኑ በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ታካሚው የእነዚህን ስሞች ማጥናት አይጠበቅበትም፤ «ለእኔ ችግር የትኛውን መንገድ ይከተላሉ? ለምን?» ብሎ ጠይቆ የሚገባው መልስ ማግኘት ግን መብቱ ነው።

ዘዴው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በባለሙያውና በታካሚው መካከል ያለው ግንኙነት ከላላ ፍሬ አያፈራም። ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ይህንን ግንኙነት በሦስት ነገሮች ገልጾታል፤ ሁለቱ በሕክምናው ግብ መስማማታቸው፣ ወደ ግቡ በሚያደርሰው ሥራ መስማማታቸው፣ እንዲሁም በመካከላቸው መተማመንና መከባበር መኖሩ። ወደ 300 የሚጠጉና ከ30,000 በላይ ታካሚዎችን ያቀፉ ጥናቶች በ2018 እ.ኤ.አ. ተጠቃለው ሲታዩ፣ ይህ ግንኙነት በጠነከረበት ቦታ የሕክምናው ውጤት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም የሕክምናው ዓይነት ቢለያይም የማይለወጥ ነው። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግንኙነቱ እንዴት እንደሚመዘን ነው፤ የባለሙያው ግምት ብቻ ሳይሆን ታካሚው ራሱ የሚሰጠው ግምትም ክብደት አለው። ታካሚው ካልተናገረ ባለሙያው ማወቂያ የለውም ማለት ነው።

የኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ይጀምራል። በይሉኝታ ያደገ ሰው ከ«ዶክተር» ፊት ተቀምጦ የተባለው ነገር እንዳልገባው ወይም እንዳስከፋው ለመናገር ይከብደዋል፤ አንገቱን እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ» ይላል፣ አመስግኖ ይወጣል፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮም ያስይዛል፤ ከዚያ ግን አይመለስም። ባለሙያው ተሽሎት ይሆናል ብሎ ሊገምት ይችላል፤ ታካሚው ደግሞ የልቡን የሚያውቀው አንድም ሰው እንደሌለ እያሰበ ወደ ቤቱ ይገባል። ሁለተኛው ምክንያት የሚጠበቀው ነገር ልዩነት ነው። ችግር ያጋጠመው ሰው ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ንስሐ አባቱ ሲሄድ የሚጠብቀው ምክር ነው፤ ሽማግሌው ሰምቶ «እንዲህ አድርግ» ይለዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ግን በመጀመሪያው ሰዓት ከመምከር ይልቅ ይጠይቃል፤ መቼ ጀመረ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛል፣ መጠጥና ጫት አለ ወይ፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም የነበረበት ሰው አለ ወይ፣ ራስን ለማጥፋት ታስቦ ያውቃል ወይ እያለ። ይህን ያልጠበቀ ሰው ሃምሳ ደቂቃ አውርቶ ባዶ እጁን እንደወጣ ይሰማዋል። ጥሩ ባለሙያ ይህንን አስቀድሞ ማስረዳት አለበት፤ ካላስረዳም መጠየቅ ተገቢ ነው። «ባለፈው ሳምንት ያልነው ነገር አልገባኝም»፣ «ከእሱ ጋር ታረቂ ያሉኝ ቃል ከብዶኛል፤ የሚመታኝ ሰው ነው» የመሰለ ንግግር ባለሙያውን መድፈር ሳይሆን ሕክምናውን ማቅናት ነው፤ ባለሙያው ለዚህ የሚሰጠው መልስም ከግድግዳው ዲፕሎማ ይልቅ ማንነቱን ያሳያል። ተቆጥቶ «እኔ ነኝ የማውቀው» ካለ ሌላ መፈለግ ይሻላል፤ አዳምጦ አካሄዱን ካስተካከለ ግን እንዲህ ያለውን ባለሙያ በቀላሉ መልቀቅ አይገባም።

ዕድሜና ጾታም ቀላል ነገሮች አይደሉም። በልጁ ዕድሜ ካለ ባለሙያ ፊት የተቀመጠ አባወራ «አንተ» ቢባል በሩ በዚያው ይዘጋል፤ በወንድ ጥቃት የደረሰባት ሴት ሴት ባለሙያ ብትጠይቅ ማንም ምክንያቷን ሊመረምር አይገባም።

ከአገር ውጭ ለሚኖሩ ሰዎች ምርጫው ሌላ ገጽታ አለው። በባዕድ ቋንቋ ሥራና ኑሮን ማካሄድ የሚችል ሰው እንኳ ሐዘኑንና ኀፍረቱን በዚያ ቋንቋ መግለጽ ሊያቅተው ስለሚችል፣ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው ከተሞች ማኅበረሰቡ ጠባብ ነው፤ ባለሙያዋ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምታስቀድስ፣ ወይም ባሏ በዕድሩ ውስጥ ያለ ልትሆን ትችላለች። አንዳንዱ ሰው በዚህ ምክንያት ባዕድ ባለሙያን ይመርጣል፤ ይህም ትክክለኛ ምርጫ ነው። አማርኛ ተናጋሪ የመረጠ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «በሠርግ ወይም በለቅሶ ቤት ብንገናኝ ምን እናደርጋለን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሥነ ምግባር ያላት ባለሙያ ታካሚው ቀድሞ ሰላም ካላላት በስተቀር እንደማታውቀው ሆና እንደምታልፍ ትነግረዋለች። ምሥጢር ጠባቂነት ገደብ ያለው ታካሚው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲል፣ ሕፃን ሲበደል፣ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ መሆኑም በዚያው ቀን ሊነገረው ይገባል።

አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ካልተገኘ በአስተርጓሚ መታከም ይቻላል። በአሜሪካ የፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የሕክምና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ሕጉ ያስገድዳቸዋል፤ በዋሽንግተን ዲሲም የ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያዝዛል። በእንግሊዝ ለድባቴና ለጭንቀት የሚሰጠውን የመንግሥት የንግግር ሕክምና አገልግሎት ለማግኘት ሐኪም እስኪልክ መጠበቅ ሳያስፈልግ ራስን ማስመዝገብ ይቻላል። በእስራኤል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ኃላፊነት ወደ አራቱ የጤና መድን ተቋማት የተዛወረ በመሆኑ፣ ፍለጋው የሚጀምረው አባል ከሆኑበት ተቋም ነው። በየትም አገር ቢሆን ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መሄድ ፈጽሞ አይገባም፤ እናት በልጇ አንደበት ስለ ሞት ምኞቷ ልትናገር አትችልም፤ ብትናገርም ልጁ የሚሸከመው ነገር ከዕድሜው በላይ ነው።

በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ለሚሠሩት እህቶች ደግሞ ስልክ ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል። እነሱን በስልክ የሚያክም ጠንቃቃ ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው «አሁን ብቻሽን ነሽ?» የሚል ነው፤ አሠሪዋ ድንገት ብትገባ ንግግሩን ወደ ቤተሰብ ወሬ የሚለውጡበትን ቃልም አስቀድመው ይስማማሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ያላሰበ ባለሙያ የዚያችን ሴት ኑሮ ገና አልተረዳም።

እምነትና ሕክምና ይጋጫሉ የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ጎድቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው የብዙዎችን ሕይወት የነካ ውሳኔ ነበር፤ በአእምሮ ሕክምናም በእንጦጦ ማርያም የጠበል ሥፍራ ካህናትና የሳይካትሪ ባለሙያዎች ተባብረው ሕሙማንን ረድተዋል። ስለዚህ ጠበል የሚሄድ ወይም ቁርኣን የሚቀራለት ሰው ይህንን ከባለሙያው መደበቅ የለበትም፤ የታካሚውን እምነት የሚንቅ ባለሙያም፣ የራሱን እምነት በታካሚው ላይ የሚጭን ባለሙያም ሁለቱም አይበጁም። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ግን ሕመሙን ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ወደ ጠበል ሲኬድም ይዞ መሄድ ነው።

ጊዜና ገንዘብም ከመጀመሩ በፊት ሊነገሩ ይገባል፤ አንድ ቀጠሮ ስንት እንደሚያስከፍል፣ በሳምንት ነው ወይስ በሁለት ሳምንት፣ በግምት ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ የንግግር ሕክምናም ቁስልን ስለሚነካ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስሜቱ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ ከአለመስማማት የተለየ ነገር ነው። በተወሰኑ ቀናት ፈውስን እርግጠኛ አድርጎ የሚሸጥ፣ የሌላ ታካሚን ጉዳይ የሚያወራ፣ ከታካሚው ጋር የፍቅር ወይም የንግድ ግንኙነት የሚፈልግ፣ ሌላ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሳያማክር አቁም የሚል ባለሙያ ግን ወዲያው የሚተው ነው።

ከሦስትና ከአራት ቀጠሮ በኋላ ግቡ ግልጽ ካልሆነ፣ ታካሚው የልቡን መናገር ካልቻለ፣ ነገሩን አንሥተው ተነጋግረውም ካልተስተካከለ፣ መለወጥ ይቻላል። ለዚህም በዝምታ ከመጥፋት ይልቅ ለባለሙያው ነግሮ አጭር ደብዳቤ መጠየቅ ይሻላል፤ ደብዳቤው ሕመሙ ምን ተብሎ እንደተለየ፣ የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን ከመቼ ጀምሮ እንደተሰጠና በንግግር ሕክምናው ምን እንደተሞከረ የሚገልጽ ሲሆን፣ ቀጣዩ ባለሙያ ሁሉንም ከዜሮ እንዳይጀምር ያደርጋል። ደብዳቤ ካልተገኘ ታካሚው ራሱ እነዚህን ነገሮች በወረቀት ጽፎ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዞ ይሄዳል።